«ፖለቲካውን ተይው»

ተናጋሪዎቹ ሦስት ናቸው። ጋሼ የስፖርት አስተማሪ ሆነው ኖረው ጡረታ የወጡ፣ አሁን የሰፈራቸው እድር ሊቀመንበር ናቸው። ወጣቷ በአንድ ኤፍ ኤም ጣቢያ የስፖርት ዝግጅት ታሰናዳለች፤ ያደገችው እዚያው ሰፈር ነው። እትዬ ጀበና ቡና ይሸጣሉ። ወሬው የተያዘው ጃንሜዳ አካባቢ፣ በእትዬ ደጃፍ ነው።

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ ዛሬ ለወሬ ብቻ አይደለም የመጣሁት። ስለ አፍሪካ ዋንጫ አጀማመር የአንድ ሰዓት ዝግጅት ተፈቅዶልኛል። አለቃዬ ግን «ፖለቲካውን ተይው፣ ስለ ኳሱ ብቻ አውሪ» ብሎ አስጠንቅቆኛል።

ጋሼ፦ መጀመሪያ ቁጭ በይ። እሺ፣ ስለ ኳሱ ብቻ እናውራ። በመጀመሪያው ዋንጫ በግማሽ ፍጻሜ ስንት ለስንት ነው ያሸነፍነው?

ወጣቷ፦ አልተጫወትንም እኮ። በፎርፌ ነው ያለፍነው።

ጋሼ፦ ማን ቀርቶ?

ወጣቷ፦ ደቡብ አፍሪካ።

ጋሼ፦ ለምን ቀሩ? እስኪ ፖለቲካ ሳትነኪ ንገሪኝ።

ወጣቷ፦ እንዲህ ሊይዙኝ እንደሆነ ገብቶኝ ነበር።

እትዬ፦ ገና አንደኛው ቡና ሳይቀዳ ልጅቱን ፈተና ላይ አስቀመጧት።

ጋሼ፦ አልፈተንኳትም፤ አለቃዋን ነው የፈተንኩት። የካቲት 1949 ካርቱም ላይ የተሰበሰቡት አራት አገሮች ናቸው፤ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። ኮንፌዴሬሽኑን አብረው መሠረቱ። ውድድሩ ሊጀመር ሲል ደቡብ አፍሪካ ወይ ነጮች ብቻ ወይ ጥቁሮች ብቻ ያሉበት ቡድን ካልሆነ አልልክም አለች። ሦስቱ ደግሞ ተቀላቅለው ካልመጡ አይግቡ አሉ። በቃ ቀሩ። እኛ ሳንጫወት ለፍጻሜ ደረስን፤ እዚያ ግብፅ 4 ለ 0 ቀጣችን። አራቱንም ጎል ያገባው አንድ ሰው ነው፣ ኤድ ዲባ የሚሉት። ስለ ኳሱ ብቻ አውሪ ከተባለ ለአድማጭሽ የምትነግሪው ይህንን ነው፤ አንድ ጨዋታ ተጫውተን በአራት ጎል ተሸነፍን።

ወጣቷ፦ ሳቁብኝ እንጂ አለቃዬም ያለ ምክንያት አይደለም እንዲህ ያለው። ባለፉት ዓመታት ስታዲየም ውስጥ የሆነውን እርስዎም አይተዋል። ድንጋይ የተወራወረው በኳስ አይደለም፣ በፖለቲካ ነው። ሰው ልጁን ይዞ ኳስ ለማየት ፈርቶ ቤቱ ቀረ። ለእኔ ትውልድ «ፖለቲካና ስፖርት ይለያዩ» ማለት «ሰላም ስጡን» ማለት ነው።

ጋሼ፦ ይህን አልክድሽም፣ እመለስበታለሁ። አስቀድመሽ ግን ካርቱም ላይ እንቢ ካሉት አንዱ ማን እንደነበረ ልብ በይ። አቶ ይድነቃቸው ተሰማ የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ ነው፤ የዚያ ድምፁን ጀርመን አገር ሄዶ በሸክላ ያስቀረፀው ባለቅኔ ልጅ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ አራዳ ላይ የተመሠረተው በ1928 ነው። በወራት ውስጥ ጣልያን ገባ። ይድነቃቸው ኳስ እየተጫወተ ያደገበት ዘመን ይህ ነው። ጣልያኖቹ ለብቻቸው ይጫወታሉ፣ «አገሬው» ለብቻው። የጊዮርጊስን ስም እንኳ ነጥቀው ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር አሉት። እንግዲህ ይህ ሰው ካርቱም ላይ ሲቀመጥ፣ ነጩ በዚህ ጥቁሩ በዚያ የሚለውን ሕግ በመጽሐፍ አልነበረም የሚያውቀው። አዲስ አበባ ውስጥ፣ በገዛ እግሩ ተጫውቶበታል።

ወጣቷ፦ ይህን በሬዲዮ ብናገረው ፖለቲካ ነው ይሉኛል?

ጋሼ፦ ታሪክ ነው በያቸው። ታሪክ ስትይው ዝም ይላሉ፤ ያለፈ ፖለቲካ አይናከስም ብለው ያስባሉ።

እትዬ፦ ጊዮርጊስ ነዎት እንጂ ይህን ሁሉ በምን ያስታውሱታል? የቡና ክለብ ደጋፊ ቢጠየቅ ሌላ ታሪክ ያወራል።

ጋሼ፦ ያውራ፤ የቡናም ታሪክ የሠራተኛ ታሪክ ነው፤ ክብር ይገባዋል። አሁን ግን ስለ አራዳ ነው የማወራው። ጣልያን ከወጣ በኋላ በ1936 የመጀመሪያው ሻምፒዮና ሲደረግ የገቡትን ቡድኖች ተመልከቺ፤ ጊዮርጊስ አለ፣ የአርመኖቹ አራራት አለ፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣልያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የእንግሊዝ ወታደራዊ ተልዕኮ ቡድንም አለ። ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞቹ ናቸው። በሦስት ዓመት ገደማ፣ ትናንት አብረኸኝ አትጫወትም ካለው ሰው ጋር በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ዳኛ ፊት! ይህ ለእኔ ከብዙ ንግግር ይበልጣል። የዚያን ዘመን አዲስ አበባ እንደ ሰፈር ማየት ከፈለግሽ የቡድኖቹን ዝርዝር ማንበብ ይበቃል። ፒያሳ አርመኑ ሰዓት ይጠግናል፣ ግሪኩ ግሮሰሪ አለው፣ እሑድ ደግሞ ሁሉም ሜዳ ይገናኛል።

ወጣቷ፦ ስለ 1954ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ይንገሩኝ። የአድማጭ ጆሮ የሚቆመው እዚያ ላይ ነው። አይተውታል አይደል?

ጋሼ፦ ከስታዲየሙ አጥር ላይ ሆኜ። ልጅ ነበርኩ፣ መግቢያ የሚከፍልልኝ አልነበረም። ቀኑ ጥር 13፣ እሑድ ነው፤ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን። ጃንሜዳ ታቦት ሸኝቶ የመጣ ሰው ነጠላውን እንዳጣፋ ነው ወደ ስታዲየም የወረደው። ንጉሡ ከነቤተሰባቸው ተቀምጠዋል። ግብፅ በ35ኛው ደቂቃ አገባች፣ ባዳዊ የሚባል አጥቂ ነው። እስከ ዕረፍትም ከዕረፍት በኋላም ጭንቅ ሆነ። በ74ኛው ግርማ ተክሌ አገባ፤ ሰው ተቃቅፎ ሳይላቀቅ በሚቀጥለው ደቂቃ ያው ባዳዊ ደገመን። እኔ ያለሁበት አጥር ላይ አንድ ሽማግሌ ፊታቸውን አዙረው ወደ መንገዱ ማየት ጀመሩ። ሉቻኖ ቫሳሎ በ84ኛው አቻ ሲያደርገን ነው መልሰው የዞሩት። ከዚያ ጭማሪ ሰዓት፤ የሉቻኖ ወንድም ኢታሎ አገባ፣ ሊያልቅ ሲል መንግሥቱ ወርቁ ጨመረ። 4 ለ 2። ያን ዕለት ማታ ጫማዬን አጥር ላይ ትቼው እንደመጣሁ ያወቅሁት እናቴ ስትቆጣኝ ነው።

እትዬ፦ እኔ ገና አልተወለድኩም፤ ግን ይህን ጨዋታ ሲያወሩት ሰፈሩ ሁሉ አጥር ላይ ነበርኩ ይላል። አጥሩ ስንት ሰው ይይዝ ነበር?

ጋሼ፦ እኔ ግን በእውነት ነበርኩ።

ወጣቷ፦ አምበሉ ሉቻኖ መሆኑ ሁሌ ይገርመኛል። አባቱ ጣልያን፣ እናቱ ኤርትራዊት፤ የተወለደው አስመራ በ1927 ወይም በ1928 ገደማ።

ጋሼ፦ አስቢው እንግዲህ። ወረራው ሊጀመር ሲል የተወለደ የጣልያን ልጅ፣ ጣልያን በወጣ በሃያ ዓመቱ የኢትዮጵያን ማልያ ለብሶ፣ አምበል ሆኖ ከኃይለ ሥላሴ እጅ ዋንጫ ይቀበላል። ክልስ እያሉ በሁለቱም ወገን የገፉት ልጅ ነበር። ይህን ሰው «አገሩ የት ነው?» ብለሽ ብትጠይቂ ፖለቲካ ነው፤ «ኳስ ይችላል ወይ?» ብለሽ ብትጠይቂ ስፖርት ነው። የዚያን ቀን ሁለቱም ጥያቄ በአንድ ጎል ተመለሰ። በደርግ ጊዜ ደግሞ አገር ጥሎ ተሰደደ፤ በ2015 መስከረም ላይ ጣልያን ውስጥ ዐረፈ። ለእሱ ይህች አገር ሁለት ጊዜ ፍርድ ሰጥታዋለች፣ አንዴ በዋንጫ፣ አንዴ በስደት።

ወጣቷ፦ እንግዲህ እኔም ልጠይቅዎት። የፖለቲካ እንቢታ ያማረው አሸናፊ ስለሆነ ነው። ምሩጽ ይፍጠርን ይውሰዱ። ሙኒክ ኦሎምፒክ ላይ በ10 ሺህ ነሐስ አገኘ፣ በ5 ሺህ ዘግይቶ ደርሶ ሳይሮጥ ቀረ። አራት ዓመት ጠበቀ። ሐምሌ 1968 ሞንትሪያል ሲደርስ አብዛኛዋ አፍሪካ ኦሎምፒኩን ረግጣ ወጣች፤ የኒውዚላንድ ራግቢ ቡድን ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ስለተጫወተ። ምሩጽ ምን አደረገ? ኒውዚላንድን በካርታ ላይ እንኳ ያሳየው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ጋሼ፦ ምሩጽ ወታደር ነበር፤ ካርታ ያነብ ነበር። ግን ጥያቄሽ ጥያቄ ነው።

ወጣቷ፦ አልጨረስኩም። በላይነህ ዴንሳሞ ሚያዝያ 1980 ሮተርዳም ላይ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ የዓለም የማራቶን ክብረ ወሰን ሰበረ። አሥር ዓመት ማንም አልነካውም። በዚያው ክረምት ማብቂያ ሴኡል ኦሎምፒክ አለ፤ የዓለም ፈጣኑ ሰው የእኛ ነው። መንግሥት ምን አለ? ሰሜን ኮርያ ወዳጃችን ስለሆነች አንሄድም። እሱ ለሥልጠና ያፈሰሰውን ላብ አንድ የማያውቀው ቢሮ ውስጥ፣ በአንድ ደብዳቤ ሰረዙት። ከዚያ በፊት በ1976 ሎስ አንጀለስን ሶቪየት ስላልሄደች እኛም ቀረን። ሦስት ኦሎምፒክ ጋሼ! የአንድ ሯጭ ዕድሜ ስንት ኦሎምፒክ ነው?

ጋሼ፦ ሁለት። ቢበዛ ሦስት።

ወጣቷ፦ እና «ፖለቲካውን ተይው» ብል ምኑ ነው ጥፋቱ?

ጋሼ፦ እሺ፣ አሁን ወደ ቁም ነገሩ መጣሽ። እኔ ሦስቱን እንቢታ በአንድ ከረጢት አልከትም። ሴኡል የቀረነው ወዳጅ ተቀየመ ተብሎ ነው። ማንም ኢትዮጵያዊ ሯጭ አልተጠየቀ፣ ማንም ኢትዮጵያዊ ገበሬ አልተጠቀመበት። የተውሶ ቁጣ ነው። ሎስ አንጀለስም ያው ነው። ሞንትሪያልን ግን እይው። በዚያው ሐምሌ፣ በዚያው ሞንትሪያል ከተማ፣ ፊፋ ጉባኤ ተቀምጦ ደቡብ አፍሪካን አባረረ። ከካርቱም ጀምሮ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተለፋበት ነው። አቶ ይድነቃቸው በዚያ ጊዜ የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነው፤ ከ1964 ጀምሮ እስከ ሞተበት ነሐሴ 1979 ድረስ። አውሮፓውያኑ ምን ሲሉት እንደኖሩ ታውቂያለሽ? ስፖርትና ፖለቲካ አትቀላቅል። አለቃሽ የሚለውን ማለት ነው።

ወጣቷ፦ ምሩጽ ግን ዋጋውን ከፈለ።

ጋሼ፦ ከፈለ። አራት ዓመት ቆይቶ ሞስኮ ላይ በ5 ሺህም በ10 ሺህም ወርቅ ባያገኝ ኖሮ ዛሬ ይህን ያህል ደፍሬ አልከራከርሽም። ያላገኙት ብዙ ናቸው።

እትዬ፦ እስቲ እኔም ልናገር፣ ቡናው እየቀዘቀዘ ነው። ደራርቱ ባርሴሎና ኦሎምፒክ ላይ ስትሮጥ ያየኋት በቀበሌ አዳራሽ ቴሌቪዥን ነው፣ ነሐሴ 1 ቀን 1984። መንግሥት ከተቀየረ ዓመት አልፎታል፤ ግን ሰው ገና ይፈራል፣ አዳራሹ ውስጥ ማን ምን እንደሆነ አይታወቅም። የሸማቾች ስኳር ሰልፍ ላይ የምንጣላ ሴቶች አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠናል። ደራርቱ ስትፈተለክ ከእኔ ጎን የነበረችው፣ ለሁለት ዓመት ያላናገረችኝ ጎረቤቴ፣ ክንዴን ይዛ ጮኸች። ከዚያ ያቺ ነጭ ልጅ ተከትላ መጣች፤ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ሲዞሩ አየን። ነጯ ከየት እንደሆነች ማንም አልነገረን።

ወጣቷ፦ ኤላና ሜየር ናት፣ ደቡብ አፍሪካዊት። ደቡብ አፍሪካ ከ1952ቱ የሮም ኦሎምፒክ በኋላ የተመለሰችው ያኔ ነው።

ጋሼ፦ ካርቱም ላይ በሩ ሲዘጋ ከዘጉት አንዷ ኢትዮጵያ፣ ባርሴሎና ላይ በሩ ሲከፈት እጅ ይዛ ያስገባችው የአርሲ ልጅ። ይህን እኔ ብጽፈው ልብ ወለድ ነው ይሉኛል። እነዚያ ሁለት ሴቶች በዕቅድ አላደረጉትም፤ ግን ያለ 1949ኙ እንቢታ ያ ዙር አይገባሽም። አለቃሽ የሚፈልገው ዙሩን ብቻ ነው።

ወጣቷ፦ ሮም ከተነሳ አበበ ቢቂላም አለ እንግዲህ።

ጋሼ፦ አበበን ሁሉ ሰው ያውቀዋል፤ አንድ ነገር ብቻ ጨምሪበት። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ነው የሮጠው፤ የዘመን መለወጫ ዋዜማ። መንገዱ ያኔ ሮም በነበረው በአክሱም ሐውልት አጠገብ ያልፍ ነበር፤ ጣልያኖች ከእኛ ወስደው ያቆሙት ሐውልት። ጫማ አለማድረጉን ሁሉም ያወራል፤ ሐውልቱን ግን የሚያነሳው ጥቂት ነው።

ወጣቷ፦ ስለ ፈይሳ ሌሊሳስ? ነሐሴ 2008 ሪዮ ላይ ሁለተኛ ሆኖ ሲገባ እጁን በተቃውሞ አጣመረ። በዚያ ጊዜ ግማሹ አገር ጀግና አለው፣ ግማሹ ስፖርቱን አበላሸ አለ።

ጋሼ፦ አንቺስ ምን አልሽ?

ወጣቷ፦ እኔ... ጣቢያው ስሙን እንዳናነሳ ስላዘዘን፣ ውጤቱን አንብቤ አለፍኩ። «ኢትዮጵያ በማራቶን ብር አገኘች» አልኩ። ማን እንዳገኘው ሳልናገር።

እትዬ፦ ብሩ ብቻውን ሮጦ የመጣ ይመስል!

ጋሼ፦ ይህን ነው የምልሽ። ፖለቲካ ተዉ የሚለው ትዕዛዝ እራሱ ከፖለቲካ ቢሮ የመጣ ነው። ፈይሳ የሄደበት መንገድ ትክክል ነው አይደለም የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ እኔ በግሌ የሠራው ትልቅ ድፍረት ነው እላለሁ፣ ያንቺ ሐሳብ ሊለይ ይችላል። ስሙን ሳይጠሩ ውጤቱን መናገር ግን ስፖርት አይደለም።

ወጣቷ፦ ታዲያ የክለቦቹን ነገር ምን ሊሉ ነው? እመለስበታለሁ ብለዋል።

ጋሼ፦ እዚያ ላይ ከአንቺ ጋር ነኝ፤ ምክንያቱን ግን አንቺ ከምታስቢው ቦታ አላገኘውም። ደጋፊው ዘረኛ ሆነ ይላሉ። እኔ ደግሞ በጀቱን ተመልከቺ እላለሁ። ከአብዛኛው የሊጉ ክለብ ጀርባ ያለው ማን ነው? የከተማ አስተዳደር፣ ክልል፣ መከላከያ፣ የመንግሥት ድርጅት። በ2016 ሻምፒዮን ንግድ ባንክ ነው፣ በ2017 መድን። ከንቲባው የተጫዋች ደመወዝ የሚከፍል ከሆነ፣ ቡድኑ ሲሸነፍ ከተማው ተሸነፈ፣ ከተማው ሲሸነፍ ክልሉ ተሸነፈ ማለት ነው። በ2010 እና በ2011 የአማራና የትግራይ ክለቦች አንዱ ወደ አንዱ ሜዳ መሄድ አቅቷቸው ጨዋታ እየተላለፈ ወደ ሌላ ከተማ ይወሰድ ነበር። በ2011 መቐለ 70 እንደርታ ዋንጫ ወሰደ። ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ጦርነት መጣና ሦስቱም የትግራይ ክለቦች፣ መቐለ፣ ወልዋሎና ስሑል ሽረ፣ ከሊጉ ጠፉ። የተመለሱት በ2017 ነው። አየሽ፣ ፖለቲካው በደጋፊው መዝሙር ብቻ አልገባም፤ አስቀድሞ በገንዘብ ቤቱ በር ገብቶ ተቀምጧል።

ወጣቷ፦ ቡናና ጊዮርጊስ ግን የደጋፊ ክለቦች ናቸው፤ እነሱም ይደባደባሉ።

ጋሼ፦ ይደባደባሉ! ማታ ግን አንድ ግቢ ነው የሚገቡት፤ ወንድማማቾች ናቸው፣ አንዱ ቡና አንዱ ጊዮርጊስ። በዚህ ሰፈር የእኔ የእህት ልጅ ቡና ነው፤ ሠርጉ ላይ የቡና ማልያ ለብሶ ሊጨፍር ሲል አባረርኩት እንጂ አልተገዳደልንም። ከ2013 ወዲህ ደግሞ ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ነው የሚካሄደው። ለቴሌቪዥን ይመቻል፣ ለፀጥታም ይመች ይሆናል። የጎንደር ልጅ ግን የከተማውን ክለብ ፋሲልን በደጁ አያይም። ስለዚህ ምን ያደርጋል? ዲኤስቲቪ ቤት ገብቶ ስለ አርሰናል ይጣላል።

እትዬ፦ ልጄ ቨርጂኒያ ነው ያለው። በየዓመቱ ሐምሌ ሲመጣ የኢትዮጵያውያን የኳስ ውድድር አለ ብሎ ፈቃድ ወስዶ ይሄዳል። ኳሱን አያይም፤ እንጀራ በልቶ፣ ድሮ አብሮት የተማረውን ፈልጎ፣ ዘፈን ሰምቶ ይመለሳል። አንድ ዓመት ግን «እማዬ፣ ዘንድሮ ሁለት ቦታ ነው፣ የት እንደምሄድ ግራ ገባኝ» አለኝ።

ወጣቷ፦ በ2004 ነው። ውድድሩን የሚያዘጋጀው ፌዴሬሽን ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ዳላስ አንዱ ዋሽንግተን፣ በአንድ ሳምንት።

ጋሼ፦ ከ1976 ጀምሮ ሰው በራሱ ገንዘብ ያቆመው ነገር ነው። መንግሥትም ተቃዋሚም ባለሀብትም የፈለጉት ለዚህ ነው፤ ባዶ ሜዳ ማን ይሻማል? ሕዝብ ያለበት ቦታ ፖለቲካ ይመጣል። ዋናው ሲመጣ በር ላይ ማን ቆሞ «ወረፋ ያዝ» ይለዋል የሚለው ነው። እድር ለዚህ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። በእኛ እድር የኢሕአፓ ልጅ አባትና የቀበሌ ሊቀመንበሩ በአንድ ድንኳን ተቀምጠው ለቅሶ ደርሰዋል። ማን ምን እንደሆነ ያልታወቀ መስሎሽ ነው? ሁሉም ያውቃል። መዋጮው ግን የሁሉም ስለሆነ ድንኳኑን የእኔ ነው የሚል አልነበረም።

ወጣቷ፦ ይህ ለሰፈር ይሠራል። ለብሔራዊ ቡድን ምን ያደርጋል? ይኸው ሰኔ 2 ቀን 2014 ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፍን፤ «በሜዳችን» ተባለ፤ ሜዳው ግን ማላዊ ነው፣ ሊሎንግዌ።

ጋሼ፦ እሱን ጨዋታ ስሰማ ደስታውም ንዴቱም እኩል መጣብኝ። ኮንፌዴሬሽኑን ከመሠረቱት አንዷ፣ ውድድሩን ሦስት ጊዜ ያዘጋጀች አገር ናት። በ1954 አዲስ አበባ፣ በ1960 አዲስ አበባና አስመራ፣ በ1968 አዲስ አበባና ድሬዳዋ። እኔ አጥር ላይ የተንጠለጠልኩበት ስታዲየም ደረጃውን አላሟላም ተብሎ ብሔራዊ ቡድኑ ለዓመታት በሰው አገር «እንግዳ ተቀባይ» ሆነ። በአገሪቱ ስም ይምላሉ፤ ሣር የሚያጠጣላት ግን የለም። ለምን እንደሆነ አንድ ሰው በሬዲዮ ቢጠይቅ፣ ያ ፖለቲካ ነው ወይስ ስፖርት?

ወጣቷ፦ የሜዳ አስተዳደር ነው ብዬ እጠይቀዋለሁ።

ጋሼ፦ ጎበዝ። ተማርሽ።

እትዬ፦ ስለ ሜዳ ካነሳችሁ የሰፈሩን የክረምት ዋንጫ ነገር ንገሯት እንጂ። የእሷም ታናሽ ወንድም በረኛ ነው።

ወጣቷ፦ ምን ሆነ? ወረዳው ማልያ ሊሰጥ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።

ጋሼ፦ ሊሰጥ ነው። ለስምንቱም ቡድን፣ ከነቁምጣው። ደረቱ ላይ ግን መፈክር አለበት፤ የዘንድሮ ዘመቻ ነው። እኔ አልፈልግም ብያለሁ። ልጆቹ ደግሞ ተቆጥተውኛል።

ወጣቷ፦ እውነታቸውን ነው! ወንድሜ ባለፈው ክረምት ቡድናቸውን ለመለየት ቲሸርቱን ገልብጦ ነው የለበሰው። ታኬታ የላቸውም፣ ማልያ የላቸውም፤ እርስዎ ስለ 1949 ያስባሉ። መፈክሩን ማን ያነበዋል? ሦስት ጊዜ ታጥቦ ይለቃል።

ጋሼ፦ የሚቀጥለው ዓመት መፈክር ሌላ ይሆናል፣ ልጁ ያው ነው። እኔ እኮ ወረዳው አይርዳ አላልኩም። ግብር የምንከፍልበት ነው፣ ይርዳ። የእኛን ሰፈር ስም ይጻፉበት፣ ከኋላ ቁጥር ያድርጉበት፤ የወረዳውን ስም ደግሞ በመክፈቻው ቀን በማይክሮፎን አመሰግናለሁ። ይህን ብዬ ጠይቄያለሁ፤ መልሱ አልመጣም።

ወጣቷ፦ ካልመጣስ?

እትዬ፦ ካልመጣ ግማሹ ቡድን ቲሸርቱን ይገለብጣል፣ ሌላ ምን አለ! የአሸናፊው ሙክት እንደሆነ አለ፤ የሥጋ ቤቱ ሰውዬ ቃል ገብቷል። እኔም የውኃውንና የብርቱካኑን ችያለሁ።

ወጣቷ፦ እኔ አሁንም ማልያውን ተቀበሉ ባይ ነኝ።

ጋሼ፦ አንቺ የእድሩ አባል ሆነሽ መዋጮ ስትጀምሪ በስብሰባ ድምፅ ትሰጫለሽ። እናትሽ አባል ናት፤ ሄዳ ትናገር። ከተሸነፍኩ ማልያው ይለበሳል፣ አላኮርፍም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ማልያው አይደለም፣ የት ይጫወታሉ የሚለው ነው። ድሮ እኛ በጨርቅ ኳስ የተጫወትንበት ቦታ ላይ ፎቅ ቆሟል። ጃንሜዳ እንኳ በ2012 የኮሮና ጊዜ አትክልት ተራ ሆኖ ሽንኩርትና ቲማቲም ሲራገፍበት ከረመ። እዚህ ከጀርባችን ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ሰፊ ሜዳ አለው፤ ሰኔ ሲያልቅ በሩ ይቆለፋል፣ እስከ መስከረም ሣሩ ወገብ ይደርሳል። ልጆቹ መኪና መንገድ ላይ ቴስታ ይገጫሉ።

ወጣቷ፦ ርዕሰ መምህሩን ጠይቀዋል?

ጋሼ፦ ጠይቄ «ዘበኛው ትርፍ ሰዓት ማን ይከፍለዋል?» ተባልኩ። ልክ ነው፣ ተገቢ ጥያቄ ነው። ስለዚህ እድሩ ተሰብስቦ የዘበኛውን የሐምሌንና የነሐሴን ትርፍ ሰዓት ሊከፍል ወስኗል፤ ለሚሰበር መስኮትም ተጠያቂ ነን ብለን ፈርመናል። ደብዳቤው ተጽፎ እዚህ እትዬ ዘንድ ተቀምጧል። ያልፈረመ የሰፈር ሰው ቡናውን ጠጥቶ ይፈርም፤ ሰኞ ጠዋት ይገባል።

ወጣቷ፦ ይህን በዝግጅቱ መጨረሻ ልናገረው?

ጋሼ፦ ተናገሪው። የእኛን ሰፈር ብቻ አታድርጊው ግን። ካርቱምን፣ ሉቻኖን፣ ደራርቱን ከነምክንያታቸው ከተረክሽ በኋላ፣ በየሰፈሩ ክረምት የሚቆለፍ የትምህርት ቤት ሜዳ ካለ የእድር ኃላፊዎች ሐምሌ ሳይገባ ሄደው እንዲጠይቁ ንገሪያቸው። የዘበኛውን ክፍያ ከወዲሁ ያዘጋጁ፤ መጀመሪያ የሚጠየቁት እሱን ነው።